ዝናቡ ሳይወጣ የሚታደስ ቤት

ቤት ስናድስ የምናድሰው ምንድን ነው? ጥያቄው በየዓመቱ ነሐሴ ሲጋመስ ይመጣብኛል፤ ሰማዩ ገና ጥቁር ሆኖ ሳለ በየሰፈሩ ቤት መገልበጥ ሲጀመር። ፍራሽ ደጅ ይወጣል፤ ቡፌ ከቆመበት ይነሣል፤ መጋረጃ ወርዶ በሳፋ ይዘፈዘፋል፤ የእንግዳ ብርጭቆ ከመደርደሪያው ተለቅሞ ይታጠባል። የጭቃ ቤት ያለው ጭቃና ጭድ ያቦካል፤ አቅሙ የፈቀደለት ቀለም ይገዛል፤ ሁለቱም ያልሆነለት ቢያንስ የሸረሪቱን ድር ከጣሪያው ጥግ ያወርዳል። ጳጉሜ ስትገባ ሥራው ይጣደፋል፤ በዋዜማው ቄጤማው ተገዝቶ፣ ውኃ ተረጭቶበት ጓዳ ይቀመጣል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ትናንት ስንኖርበት ለነበረ፣ ነገም ለምንኖርበት ለዚያው ቤት ነው። ግድግዳው ዓመት አይቆጥርም። ጣሪያው ዘመነ ማቴዎስ ወጥቶ ዘመነ ማርቆስ መግባቱን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። የሰው እርጅና እንኳ ከጳጉሜ ማለቂያ ጋር ቀጠሮ የለውም፤ እንኳን የምሰሶ። ታዲያ አንድ ግዑዝ ነገር በአንድ ሌሊት አዲስ እንዲሆን ይህን ያህል ስንደክምለት ከእርሱ የምንፈልገው ምንድን ነው?

መጀመሪያ የሚመጣው መልስ ቀላል ነው፤ ክረምቱ ያበላሸውን እንጠግናለን ይላል። እውነትነት አለው። ከቆርቆሮው ጫፍ የሚወርደው ጠፈጠፍ ክረምቱን ሙሉ የግድግዳውን እግር ሲቦረቡር ከርሟል፤ ምርጊቱ ረግፎ ጭዱ ወጥቷል፤ አልፎ አልፎም ማገሩ አግጥጧል። ውስጥ ገብቶ ቀና ያለ ሰው ደግሞ የአቡጀዴውን ኮርኒስ ያያል። የቆርቆሮው ምስማር በላላበት ቦታ የገባው ውኃ ጨርቁ ላይ ክብ ሠርቷል፤ መካከሉ ነጣ፣ ዳርቻው ጠቆር ያለ ቡናማ ክብ። ቀጥሎ የጣለው ከባድ ዝናብ ከመጀመሪያው ክብ አልፎ ሌላ ክብ አስምሯል፤ የተከተለው ደግሞ ሌላ። ይህን በኖራ መሸፈን፣ ምስማሩን ማጥበቅ፣ የግድግዳውን እግር መምረግ ግድ ነው። ጥገና ግን ይህን ሁሉ ሲያደርግ ቄጤማ አይጠይቅም። አበባ አይጠይቅም። ያልተቀደደ መጋረጃ በሌላ መጋረጃ እንዲለወጥ አይጠይቅም። ጥገና የጎደለውን መልሶ ሲያበቃ መረሳት ይፈልጋል፤ የተደፈነ ጣሪያ መልካምነቱ ስለ እርሱ ማሰብ መተዋችን ነው። ማስዋብ ግን ካልታየ አልተደረገም። አንዱ ከዓይን ለመሰወር፣ ሌላው ዓይንን ለመጥራት የሚሠራ ከሆነ፣ በአንድ ሳምንትና በአንድ እጅ መሠራታቸው ብቻ አንድ ነገር አያደርጋቸውም።

የጥገናውን መልስ ይበልጥ የሚያስጠረጥረው ጊዜው ነው። በማሊ የጄኔ ከተማ ነዋሪዎች ታላቁን የጭቃ መስጊዳቸውን በየዓመቱ በአንድነት ወጥተው ይለስኑታል። አሁን ያለው ሕንፃ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1907 ነው፤ ጭቃ በመሆኑ ያለ ዓመታዊው ልስን ዝናቡን አይችለውም። ልስኑ የሚደረገው ዝናቡ ሳይመጣ በፊት ነው። የሚመጣ ነገር አለ፤ ግድግዳው ለእርሱ ይበረታል። ይህ ለአእምሮ የሚመች ሥርዓት ነው። ዝናቡ ካለፈ በኋላ መጠገንም ይመቻል፤ ጉዳቱ ሲያበቃ ተቆጥሮ ይሞላል። የእኛ ግን ከሁለቱም አይደለም። በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ክረምት ሰኔ 26 ገብቶ መስከረም 25 ይወጣል። ዕንቁጣጣሽ የሚውለው ክረምቱ ገና 25 ቀን ሲቀረው ነው፤ መስቀልም ከነደመራው ክረምት ውስጥ ነው የሚገኘው። በዋዜማ ተቀብቶ ሳይደርቅ ዝናብ የሚያገኘው ግድግዳ ስንት ነው! ልስኑ በፀሐይ እጦት አልደርቅ ሲል በር ተከፍቶ፣ ከሰል ተያይዞ፣ ቤተሰቡ ጋቢውን ተከናንቦ በእርጥብ ጭቃ ሽታ መካከል ያመሻል። ጠጋኝ ብቻ ብንሆን ኖሮ ጥቅምትን እንጠብቅ ነበር። ጥቅምት ሰማዩ ጠርቷል፣ መንገዱ ደርቋል፣ የተመረገ ጭቃም ወዲያው ይነጣል። እኛ ጥቅምትን አንጠብቅም።

እህሉም እንደዚሁ ነው። መስከረም ጎተራ የሚሞላበት ወር አይደለም። የአምናው እህል ያለቀበት፣ የዘንድሮው ገና በማሳ ላይ አረንጓዴ የሆነበት ወር ነው። የጎመኑ ምንቸት ከቤት እንዲወጣ፣ የገንፎው ምንቸት እንዲገባ የሚታዘዘው በዚሁ ወር ነው። ጎመን የክረምት ችግር ማሳለፊያ ነው፤ ገንፎ ዱቄትና ቅቤ ያለው ሰው ምግብ ነው። ትእዛዙን የምትሰጠው እመቤት ጎተራዋን ታውቀዋለች፤ በሥሩ የቀረውን ጥቂት እህል በእጇ ጠርጋ ያወጣችው እርሷ ናት። ታዲያ ይህ ራስን ማታለል ነው? ለረጅም ጊዜ አመንትቼበታለሁ። ማታለል የሚሆነው ንግግሩ ያለውን ነገር የሚገልጽ ከሆነ ነው፤ ገንፎ አለ ብትል ዋሽታለች። እርሷ ግን አለ አላለችም፤ ይግባ ነው ያለችው። ትእዛዝ እውነት ወይም ሐሰት አይባልም፤ ይፈጸማል ወይም ሳይፈጸም ይቀራል። የታደሰውም ቤት የሚናገረው በዚሁ አነጋገር ይመስለኛል። በዝናብ መካከል ነጭ የተቀባ ግድግዳ ክረምቱ አልፏል ብሎ አይመሰክርም። ቢመሰክር ኖሮ መስኮቱን ከፍቶ የሚያየው ሁሉ ሐሰተኛ ይለው ነበር። ግድግዳው ይለፍ ነው የሚለው፤ ሲያልፍም የሚያገኘውን ቦታ አስቀድሞ ያዘጋጃል።

እስቲ አዲስነትን ራሱን እንመርምረው። ቡፌው ሲነሣ ከኋላው አንድ አራት ማዕዘን ግድግዳ ብቅ ይላል። ቀለሙ ከተቀባ ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ ከሌላው ግድግዳ ጋር በአንድ ቀን፣ ከአንድ ጣሳ ነው የተቀባው። ሆኖም የዚህኛው ውኃ ሰማያዊ ዛሬም ትኩስ ነው። ጭስ አላገኘውም፣ ፀሐይ አልመታውም፣ የልጅ እጅ አልነካውም። አዲስ የምንለው እንግዲህ ይህ ነው? ማንም ያልተደገፈው፣ ማንም ያላየው፣ ማንም አጠገቡ ተቀምጦ ያላወራበት? አዲስነት ይህ ከሆነ፣ ቤቱ በሙሉ እንደዚያ እንዲሆን መመኘት ባልኖርንበት ኖሮ ብሎ መመኘት ነው። የቀረው ግድግዳ ያረጀው በሕይወት ነውና። መደቡ አጠገብ፣ ተቀምጦ ለሚደገፍ ሰው በራስ ልክ፣ ቅቤ የጠጣ ጥቁር ክብ አለ፤ አያት ጠጉሯን ተቀብታ ለዓመታት የተደገፈችበት ነው። በበሩ መቃን ላይ የልጆች ቁመት በእርሳስ ተሰምሯል፤ ከመስመሮቹ አንዱ ዛሬ ጢም ያበቀለ ሰው ነው። በምድጃው በኩል ያለው ጥላሸት የስንት ምሽት እራት እንደሆነ ማንም አይቆጥረውም። እድሳት እነዚህን የሚያጠፋ ከሆነ ደስ የሚለን መርሳት ነው ማለት ነው፤ በየዓመቱ የኖርነውን በገዛ እጃችን እየደመሰስን እንኳን አደረሳችሁ የምንባባል ሰዎች ሆነናል።

ይህን ጥርጣሬ በጋዜጣ ግድግዳ ፊት ሳቆመው ይለዝብልኛል። በአዲስ አበባም በየክፍለ ሀገሩ ከተሞችም የብዙ ጭቃ ቤት የውስጥ ልብሱ ጋዜጣ ነበር። ዱቄት በውኃ ይፈላና ሙጫ ይሆናል፤ ጋዜጣው በርሱ ይለጠፋል፤ ሲያድፍና ሲቀደድ ለአዲስ ዓመት ሌላ ጋዜጣ በላዩ ይለጠፋል። ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ የሚታተመው አዲስ ዘመን ከአንባቢው እጅ ወጥቶ ስንት ቤት እንዳለበሰ ቤቶቹ ናቸው የሚያውቁት። አልጋ ላይ በጀርባው የተኛ ልጅ ተገልብጦ የተለጠፈውን ዜና አንገቱን አጣምሞ ያነባል፤ ንባብ እዚያ የለመደ ብዙ ነው። እርጥበት ጥጉን ሲልጠው ከዘንድሮው ሥር የአምናው፣ ከአምናው ሥር የካቻምናው ይገለጣል፤ ከአብዮቱ መፈክር ሥር የንጉሡ ፎቶግራፍ ይወጣል፤ ከርሱ ሥር የጨረታ ማስታወቂያ፣ የጠፋ ሰው ምስል፣ የእህል ዋጋ። ግድግዳው በየዓመቱ ይወፍራል። እዚህ ማደስ መደረብ ነው። ያለፈው ዓመት አልጠፋም፤ ለአዲሱ ተሸካሚ ሆኗል፤ ሙጫው የሚይዘው በእርሱ ላይ ነውና። ባዶ ጭቃ ላይ የተለጠፈ ጋዜጣ ሲደርቅ ሊረግፍ ይችላል፣ ጋዜጣ ላይ የተለጠፈ ግን ይበልጥ ይቆያል። ብዙ ሰው ይህን የድህነት ግድግዳ ይለዋል፤ ድህነትም አለበት። እኔ ግን አሮጌው የአዲሱ መሠረት መሆኑን ከዚህ የበለጠ በግልጽ ያሳየ ግድግዳ አላውቅም።

ገጠር ላይ ደግሞ ሌላ መንገድ አለ። ሴቲቱ እበቱን ከአፈር ጋር በውኃ በጥብጣ፣ ተንበርክካ በመዳፏ ወለሉን ትለቀልቃለች። ክንዷ ከትከሻዋ ስለሚዞር ልቅለቃው ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ በቅስት ይሄዳል። አራት ጣቶች አንድ ቅስት ይሥላሉ፤ በጎኑ ሌላ ቅስት፣ ወደ ኋላ ፈቀቅ ስትል ደግሞ ሌላ። ሲደርቅ መስመሮቹ ይቀራሉ። ጠዋት ከበሩ በሚገባው ብርሃን ወለሉን ላየ ሰው የክንዷ ርዝመት፣ ያረፈችበት ቦታ፣ ጣቷ ጠጠር አግኝቶ የዘለለበት ሁሉ ይታያል። የሮሎ ቀለም ይህን አያስቀርም፤ ጎበዝ ቀለም ቀቢ የሚመሰገነው እንዲያውም እጁ ስላልታወቀ ነው። ለቅላቂዋ ግን ጌጧ የእጇ ዱካ ነው፤ የድሮውን ዱካ የሸፈነው አዲስ ዱካ ነው። እንዲህ ያለው ወለል ታድሶም ቢሆን ያልተኖረበት አይመስልም። በሐረር ጀጎል ውስጥ ያሉት የቆዩ ቤቶችም ለዚሁ ጥያቄ የራሳቸው መልስ አላቸው። መደቦቹ ከፍና ዝቅ ብለው ተሠርተዋል፤ ስፌቶቹ ግድግዳው ላይ በየቦታቸው ይሰቀላሉ፤ መደቡና ወለሉ ቀይ ይቀባል። ቀዩ በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ጦርነት የፈሰሰውን ደም እንዲያስታውስ ነው ይባላል። ቀለም ይደበዝዛል፤ ስለዚህ ይታደሳል። ባይታደስ ኖሮ የሚጠፋው መታሰቢያው ነበር።

እስካሁን ያልኩት ግን ስለ አደራረጉ ነው። ስለ ምንነቱ ይበልጥ የሚናገረው ያልታደሰ ቤት ነው። በብዙ ሰፈር ሰው የሞተበት ቤት በዚያ ዓመት አይቀባም፣ አይለቀለቅም። ቄጤማ አይጎዘጎዝበትም፤ መጋረጃው አይለወጥም፤ አደይ አበባ ይዘው በየቤቱ የሚዞሩትን ልጆች እናቶቻቸው እዚያ በር ላይ እንዳይጨፍሩ አስቀድመው ይነግሯቸዋል። ወቅቱ ግን እዚያም ተለውጧል። የጎረቤትን ጣሪያ ያሞቀች ፀሐይ የእነርሱንም ታሞቃለች፤ በደጃቸው ያለው ሣር እንደ ሌላው ደጅ አብቧል። ቤት ማሳመር የወቅት ለውጥ ውጤት ቢሆን ኖሮ ይህ ቤት ከሌሎቹ የሚለይበት ምክንያት ባልኖረ ነበር። የተለየው አንድ ነገር ስለከለከለ ነው፤ ለሚመጣው ጊዜ እሺ አላለም። አዲሱ ዓመት ለእነርሱ ሟቹ የማይኖርበት የመጀመሪያው ዓመት ነው፤ እርሱን ነጭ ቀብቶና አረንጓዴ ጎዝጉዞ መቀበል ሟቹን ሁለተኛ መቅበር ይመስላል። ጎረቤትም ይህን ያውቃል። ምግቡን ይዞ ይመጣና ባልተጎዘጎዘው ወለል ላይ አብሯቸው ይቀመጣል፤ ቄጤማ ግን ይዞ አይመጣም። ጊዜው ሲደርስ ትልልቅ ሰዎች መጥተው ሐዘንተኛዋን ጥቁሩን እንድታወልቅ ይለምኗታል። «በቃሽ፣ ልጄ። እሱም እንዲህ ሆነሽ ቢያይሽ አይወድም። ቤትሽንም አሳምሪው» ይሏታል። ልብሱና ግድግዳው በአንድ ልመና ውስጥ መግባታቸው እንዲሁ አይደለም።

ከዚህ ተነሥቼ ነው ቤት ማሳመርን ሰው ለሚመጣ ጊዜ የሚሰጠው ፈቃድ ነው ብዬ የምተረጉመው። ወዲያው ግን ትርጉሙ አንድ እንቅፋት ይገጥመዋል። ጊዜ ፈቃድ አይጠይቅም። ፈቀድንም ከለከልንም ይገባል፤ የሐዘን ቤቱም ቢሆን መስከረምን ሊያስቀር አልቻለም። ለማይጠይቅ መፍቀድ፣ ሊመለስ ለማይችል በር መክፈት ምን ትርጉም አለው? መልሱ ያለው በሁለቱ አገባቦች ልዩነት ውስጥ ነው። ሳይፈቀድለት የገባ ሰው ወራሪ ይባላል፤ ተፈቅዶለት የገባው እንግዳ ይባላል። በሩ ያው በር፣ እግሩም ያው እግር ሊሆን ይችላል፤ የተለወጠው ቤቱ ከገባው ጋር ያለው ዝምድና ነው። ያልፈቀድንለት ዓመት በላያችን ያልፋል፤ ሲያልቅ ምን እንደሆነ አናውቀውም፤ ዓመት ሄዶብናል እንላለን። የፈቀድንለት ዓመት ክፉም ቢሆን ውስጡ እንኖራለን። ፈቃድ እንግዲህ በሚመጣው ላይ ሥልጣን የለውም፤ በሚቀበለው ላይ ግን አለው። ደግሞም ፈቃድ የሚሆነው አስቀድሞ ሲሰጥ ነው። ዝናቡ ከቆመ፣ ጎተራው ከሞላ፣ ጭቃው ከደረቀ በኋላ የሚሰጥ እሺታ ማረጋገጫ እንጂ ፈቃድ አይባልም። ጥቅምትን የማንጠብቀው ለዚህ ነው።

ተከራዩም በዚህ ይገባኛል። የሰው ግድግዳ በገዛ ገንዘቡ ቀለም ሲቀባ ወዳጆቹ ለማን ብለህ ነው ይሉታል። ቤቱ ስላማረ አከራዩ ኪራይ ሊጨምርበት ይችላል፤ በሒሳብ ከሄድን ልክ ናቸው። ግን ግድግዳው የአከራዩ ቢሆንም በግድግዳው መካከል የሚያልፈው ዓመት የተከራዩ ነው፤ ለዚያ ዓመት ደግሞ ማንም በእርሱ ፈንታ እሺ ሊልለት አይችልም።

ከአገር ርቆ ሲታሰብ ነገሩ ሌላ ገጽ ያወጣል። በዋሽንግተን፣ በሲልቨር ስፕሪንግ፣ በአሌክሳንድሪያ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ዕንቁጣጣሽን የሚያከብሩት በፈረንጆቹ መስከረም 11 ወይም 12 ቀን፣ በጋቸው ሊያልቅ ሲል ነው። በዙሪያቸው ያለው ሕዝብ በዚያን ሰሞን ቤቱን ያድሳል፤ ግን በሌላ አቅጣጫ። ቀላሉ መጋረጃ ወርዶ ወፍራሙ ይሰቀላል፤ የሱፍ ብርድ ልብስ ሶፋው ላይ ይጣላል፤ በረንዳው ላይ ዱባ ይደረደራል፤ ከደረቀ ቅጠል የተጎነጎነ ክብ ጌጥ በሩ ላይ ይንጠለጠላል። እኛ ዕቃውን ደጅ አውጥተን ስናራግፍ እነርሱ ከደጅ ወደ ውስጥ ይሰበስባሉ። ሰማዩ ግን አንድ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር መስከረም 12 እና 13 ግድም ቀንና ሌሊት በዓለም ሁሉ እኩል ይሆናሉ። ልዩነቱ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። በአዲስ አበባ የዓመቱ ረጅሙ ቀን ከአጭሩ የሚበልጠው በአንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ በዋሽንግተን ከአምስት ሰዓት በላይ ይበልጣል። የእኛን ብርሃን የሚወስደው ደመና ነው፤ ደመናው ሲገፈፍ ይመለሳል። የእነርሱን የሚወስደው ፀሐይዋ ራሷ ወደ ደቡብ ማዘንበሏ ነው፤ ለወራት አይመለስም።

ስለዚህ የእነርሱ እድሳት ለሚሄድ ነገር የሚሰጥ እሺታ ነው፤ በዚህም አከብራቸዋለሁ። የወደቀ ቅጠል ጠርጎ መጣል ሲችል አንሥቶ በሩ ላይ የሚሰቅል ሰው ብርሃኑ እየቀነሰ መሆኑን አይቶ አልሸሸም። ሱቆች ይህን ስሜት በየዓመቱ ይሸጡለታል፤ ብዙውም የሚገዛው ጎረቤቱ ስለገዛ ይሆናል። ይህ ግን እኛም ዘንድ ያለ ነው፤ የበዓል ባዛሩ የማያስፈልገንን ምንጣፍ ያሸክመናል። ግዢ ሥርዓቱን ያዳክመዋል እንጂ ትርጉሙን አልፈጠረውም። በእነዚያ ከተሞች የምትኖር አንዲት ሀበሻ ግን ሁለቱንም በአንድ ቤት መያዝ አለባት። ልጇ ከትምህርት ቤት ቢጫ የሜፕል ቅጠል ወረቀት ላይ ለጥፎ ይመጣል፤ በሩ ላይ ትሰቅልለታለች። ጠረጴዛዋ ላይ አደይን የሚመስል ቢጫ አበባ ገዝታ ታስቀምጣለች። በሩ ላይ ያለው ቢጫ የሚሄድ፣ ጠረጴዛው ላይ ያለው የሚመጣ ነው። ሰው እርስ በርሱ የሚጣረስ ነገር ቤቷ ውስጥ ያየ ይመስለዋል፤ ለእኔ ግን ከማናችንም ይልቅ ሙሉ እሺታ የሰጠች እርሷ ናት። አደይም ቢሆን ክረምቱን ያሸነፈ አበባ ተደርጎ ይወራለታል እንጂ ያበቀለው ያው የተሸኘው ዝናብ ነው። ስለዚህ የፕላስቲኩን አደይ አልወድም። ጉድለቱ ሐሰተኛ መሆኑ ብቻ አይደለም፤ ጥቅምትም ኅዳርም እዚያው ቡፌው ላይ ይገኛል፤ ጊዜ እንዲመጣ ሲፈቅድ እንዲሄድ አይፈቅድም። ግማሽ እሺታ ነው።

አንድ ነገር ይቀረኛል፤ የሚከብደኝም እርሱ ነው። እሺታ ነው ካልኩ፣ እሺ ባዩ ማን ነው? በገጠር ወለሉን የሚለቀልቀው፣ ውኃውን ከወንዝ የሚያመጣው፣ እበቱን የሚዝቀው የሴት እጅ ነው፤ ባልየው ጣሪያ ከከደነ ብዙ ነው። በከተማ ደግሞ ጳጉሜን ሙሉ ሰፌድ የምትፈትግ፣ መስኮት የምትወለውል፣ ምንጣፍ የምትጨምቅ አንዲት ወጣት የቤት ሠራተኛ አለች። ቤቱ የእርሷ አይደለም። እናቷ በዚያው ሳምንት የራሳቸውን ጎጆ ያለ እርሷ ትለቀልቃለች። ለዓመት በዓል ሂጂ የሚሏት ቤቶች አሉ፤ የሚበዙት ግን በዓሉ የሥራ ቀን ነውና አይለቋትም። የታደሰው ቤት ለጊዜ እሺ ካለ፣ እሺታው በጣቷ የተጻፈ ነው፤ ግን ያልተጠየቀች ሴት የጻፈችው ነው። ለተከራዩ ግድግዳው የሰው፣ ዓመቱ የራሱ ነው ብያለሁ፤ የእርሷ ዓመት ግን ለቀጣሪዎቿ ዓመት ማሰናጃ ሆኖ ያልቃል። ሌላው ቢቀር፣ ቄጤማውን የቤቱ ባለቤት በገዛ እጁ ይጎዝጉዘው እላለሁ፤ እጁ እርጥቡን ሣር ይንካው፤ እርሷም የዚያን ዕለት ጠዋት ከመጋገሪያው አጠገብ ተነሥታ ከእንግዶቹ እኩል ወንበር ይሰጣት። ይህ የቀረውን ዓመት ያካክሳል ወይ ለሚለኝ መልስ የለኝም። ምናልባት ቀድሞ መጠየቅ ያለበት ማን ይቀበላል የሚለው ሳይሆን የመንገዱን ገንዘብ ሰጥተን ወደ እናቷ ልንሸኛት ስንት ቀን አስቀድመን ማሰብ ነበረብን የሚለው ነው።